የአባት ድርሻ

በላቦራቶሪው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሴትዮዋን በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ሁሉም «ይደገም» ነው የሚላት። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ደም ስትመረምር፣ ውጤቱ ትንሽ ጥርጣሬ ካሳደረባት ዓይኗን ከማሽኑ ሳታነሳ «ይደገም» ትላለች፤ ተከራክሮ የረታት የለም። «የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ እዚህ ቤት የፈሰሰ ግን አይለቀምም» ትላቸው ነበር። ጀማሪዎቹ ይፈሯታል፤ የቆዩት ይቀልዱባታል፤ ነገር ሲጠብቅባቸው ግን ሁሉም ወንበሩን ወደ እሷ ጠረጴዛ ይጎትታል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከሕፃናት ክፍል የተላከ የደም ብልቃጥ እጇ ገባ። የአምስት ዓመት ልጅ ደም ነው። ትእዛዙ «የጂን ንባብ እንደገና ይሠራ» ይላል። ንባቡ ከሁለት ዓመት በፊት ተሠርቶ «ምንም ስህተት አልተገኘም» ተብሎ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን የታዘዘውን ሠርቶ ይገላገል ነበር። እሷ ግን ከትእዛዙ ሥር በደቃቅ ጽሑፍ የተጨናነቀውን የሕመም ታሪክ አነበበች። ልጅቷ ስትወለድ ሰውነቷ ዝልፍልፍ ያለ፤ መጥባት አቅቷት ሁለት ወር በቱቦ የተመገበች፤ ከሦስት ዓመቷ ወዲህ ደግሞ በልታ የማትጠግብ፤ ቁመቷ አጭር፣ እጅና እግሯ ትንንሽ።

መጥባት ያቃታት ሕፃን፣ ቆይታ የማትጠግብ ልጅ። ይደገም ወረቀቱን ይዛ ደረጃውን ወረደች።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ፋይል ተቆልሎበት ነበር።

«ዶክተር፣ ይህን አልሠራልህም» አለችው።

«ምነው? ናሙናው ተበላሸ እንዴ?»

«ናሙናውስ ደህና ነው። የተበላሸው ጥያቄው ነው። ጂኗን አንብቢ ነው ያልከኝ። አንዴ ተነቧል፣ ፊደሉ ትክክል ነው፤ መቶ ጊዜ ባነበው ያው ነው። እኔ ማወቅ የምፈልገው ጂኑ መኖሩን ሳይሆን መሥራቱን ነው።»

ሐኪሙ ወረቀቱን ተቀብሎ ታሪኩን እንደ አዲስ አነበበ። ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«ኤፒጄኔቲክስ!» አለ፣ ከፈተና ክፍል ከወጣ በኋላ መልሱ ትዝ እንዳለው ተማሪ። «እንዴት ሳላስበው ቀረሁ?»

«ስሙን አንተ ጥራው፣ ሥራውን ለኔ ተወው። ብቻ ትእዛዙን ቀይርልኝ።»

ቀየረላት።

ልጅቷን ቤተሰቦቿ የሚጠሯት ድምቡሼ ብለው ነው። አባቷ የቤት ዕቃ የሚሠራ አናጺ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎኑ ጥግ ላይ ባለችው የስፌት መኪና የሰፈሩን ሴት ቀሚስ ስታጠብብና ስታሰፋ ትውላለች። አብራቸው የአባትየው ታላቅ እህት ትኖራለች። ሠላሳ ዓመት በጸሐፊነት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ወንድሟም ሚስቱም «እትዬ» የሚሏት፣ ከሰው አፍ ይልቅ ማኅተም ያለበትን ወረቀት የምታምን ሴት ናት።

ድምቡሼ ስትወለድ የለቅሶዋ ድምፅ እንኳ አልተሰማም። ሲያነሷት እጅና እግሯ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይንጠለጠል ነበር። እናቷ ወተቷን በጠብታ እያለበች፣ በቱቦ እየሰጠች ነፍስ ዘራችባት። ሦስት ዓመት ሲሆናት መብላት ጀመረች፤ ቤቱ ሁሉ እሰየው አለ። ከዚያ ማቆም አቃታት። ዳቦው ያልቃል፣ ጥሬ ድንቹ ይጎድላል፣ ከስኳር ዕቃው በእፍኝ ይታፈሳል። አንድ ጠዋት ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብላ ዱቄት ስትቅም ተገኘች፤ ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ ሆኗል።

«ራበኝ እኮ፣ እማዬ» አለች። አልዋሸችም። ሆድ ሲሞላ «በቃ» ማለት ያለበት የአንጎሏ ክፍል ነበር ሥራውን ያልሠራው። ይህን ግን ያኔ ማን ያውቃል?

«አንቺ ነሽ ያበላሸሻት!» ትላለች እትዬ። «አለቀሰች ብለሽ ታጎርሻታለሽ። በኛ ዘር ሆዳም ተወልዶ አያውቅም። ይቺ ከየት አመጣችው?»

«እትዬ፣ ልጄ ታማለች እንጂ ሆዳም አይደለችም» ትላለች እናትየዋ፣ መኪናዋን ሳታቆም።

«ከየት አመጣችው» የሚለው ነገር ውስጡ ሌላ ነገር እንዳለበት ሳይገባት ቀርቶ አይደለም። ደግሞ የሚያስቀው፣ ይህን ሁሉ የምትናገረው እትዬ ራሷ ድምቡሼ ዓይን ዓይኗን ስታያት አንጀቷ አይችልም፤ ማንም ሳያያት ከሹራቧ ኪስ ብስኩት ታወጣላታለች። አባትየው በሁለቱ ሴቶች መሀል መግባት አይወድም። ሥራ በዛብኝ እያለ ከጣውላው ጋር ያመሻል።

ይደገም ምርመራውን ጀመረች። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ጂኖቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ይወርሳል፤ አንዱን ቅጂ ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ይሠራሉ። ጥቂቶቹ ግን ከማን እንደመጡ ምልክት ተደርጎባቸው ነው የሚመጡት፤ ሜቲል የሚባል ደቃቅ ኬሚካል ይለጠፍባቸውና ያ ቅጂ ዝም ይላል። ፊደሉ አንድም አልተለወጠም፤ ሰውነት ግን አያነበውም። ሐኪሙ ኤፒጄኔቲክስ ያለው ይህንን ነው። በአሥራ አምስተኛው ክሮሞዞም ላይ ለጡንቻ ብርታት፣ ለእድገትና ለጥጋብ የሚያስፈልጉ ጂኖች አሉ። ከእናት የመጣው ቅጂ በማንኛውም ሰው ላይ እንደታሸገ ነው የሚኖረው። የሚሠራው ከአባት የመጣው ብቻ ነው።

የታሸገውን ካልታሸገው በሚለይ ኬሚካል ደሙን አሳልፋ ማሽኑ ላይ ጫነችው። ጤነኛ ሰው ሁለት መስመር ያሳያል። ከድምቡሼ የወጣው አንድ ብቻ ነው፤ የእናት መስመር።

ደገመችው። አሁንም አንድ።

የልጅቷ በሽታ ታወቀ። የቀረው ምክንያቱን ማወቅ ነው፤ የአባት ቁራጭ ተቆርጦ ጠፍቶ እንደሆነ ወይም ጭራሽ ሳይኖር ቀርቶ እንደሆነ። ለዚህ የወላጆቿ ደም ያስፈልጋል። ባልና ሚስት አብረው መጡ። አናጺው እጅጌውን እስከ ትከሻው ሰብስቦ «እንኳን ደሜን፣ ክንዴንም ውሰዱት፤ ብቻ ልጄ ትዳንልኝ» አለ።

ከሳምንት በኋላ ውጤቱ ወጣ። ድምቡሼ ሁለቱንም አሥራ አምስተኛ ክሮሞዞሞች የወረሰችው ከእናቷ ነው። ይደገም ናሙና እንዳልተቀያየረ ለማረጋገጥ ሌሎች ሦስት ክሮሞዞሞችንም አይታ ነበር፤ እነሱ ላይ አባትየው አለ። ይህን ግን ሪፖርቱ ላይ አላሰፈረችውም። ሐኪሙ ያውቀዋል ብላ አጭር አድርጋ ጻፈች፦ «ሁለቱም ቅጂዎች የእናት ናቸው። የአባት ድርሻ አልተገኘም።» ወረቀቱ በፖስታ ታሸገና፣ ለሐሙስ ቀጠሮ ይዛው እንድትመጣ ለእናትየዋ ተሰጠ።

ሐሙስ ሳይደርስ እትዬ ከፈተችው። ሠላሳ ዓመት የሰው ፖስታ ስትከፍት የኖረች እጅ ጡረታ ወጣች ተብሎ አያርፍም። መነጽሯን አድርጋ አነበበች፤ ደግማ አነበበች፤ ከዚያ ወንድሟ ከሥራ እስኪገባ ድረስ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀችው።

«እኔ ምንም አልልም» አለችው። «ራስህ አንብበው። ወረቀት አይዋሽም።»

አናጺው አነበበ። ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ። ሚስቱ በጥርሷ ክር እንደያዘች ከመኪናዋ ተነሳች።

«ምንድን ነው?»

ወረቀቱን ሰጣት። አንብባ ቀና አለችና ባሏን ዓይን ዓይኑን አየችው።

«እኔ ይህ ወረቀት ምን እንደሚል አላውቅም» አለች። «እኔ ምን እንዳደረግሁና ምን እንዳላደረግሁ ግን አውቃለሁ። የምትጠይቀኝ ካለ አሁን ጠይቀኝ።»

አልጠየቃትም። ከጠየቀ መልሱን ማመን ወይም አለማመን ሊኖርበት ነው፤ ለሁለቱም አቅም አጣ። ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚያው የሚሠራበት እንጨት ቤት፣ ሰጋቱራው መሀል ያድር ጀመር።

እናትየዋ እትዬ ፊት አላለቀሰችም። በማግስቱ ረፋድ ላይ ድምቡሼን በአንድ እጇ፣ ወረቀቱን በሌላው ይዛ ሦስት ፎቅ ወጣች። ድምቡሼ በየመታጠፊያው ታርፋለች።

«ይህን የጻፈው ማነው?» አለች በሩ ላይ ቆማ።

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ወደ ጥጉ ጠረጴዛ ዞሩ። ይደገም ጓንቷን አውልቃ ተነሳች።

«እኔ ነኝ።»

«ይህ ወረቀት ቤቴን አፈረሰው። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ እኔም ልጮህ ነው የመጣሁት። ልጄ የባሌ ልጅ ናት። ያንቺ ማሽን ሌላ ነገር ካለ ማሽንሽ ተሳስቷል።»

ይደገም ወረቀቱን ተቀብላ የገዛ ጽሑፏን በሌላ ሰው ዓይን አነበበችው።

«ማሽኑ አልተሳሳተም» አለች። «አንቺም አልተሳሳትሽም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ቁጭ በይ፣ እህቴ።»

ወንበር ሰጠቻት። ለድምቡሼም ባዶ ወረቀትና እርሳስ አቀበለቻት። ሁሉንም ከሥሩ ጀምራ አስረዳቻት። እናትየዋ ሳታቋርጥ ሰማችና በመጨረሻ «ይህን ለኔ መንገር ምን ያደርጋል? እኔ ድሮም አውቀዋለሁ። ለሱ ንገሪው» አለቻት።

«እነግረዋለሁ። ግን በሦስት ክሮሞዞም አልሄድም። ሁሉንም ይዤ ነው የምሄደው።»

ሐኪሙ ለአናጺው ደወለለት፤ ኑ ቢለው እምቢ አለ። «እርስዎ ይሞክሩት» አላት ለይደገም። «እኔ ማስረዳት ስጀምር ሰው እንቅልፉ ይመጣል።» ሁለት ቀን ሙሉ ከማሽኑ አልተነሳችም። በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይዛ፣ ከእናትና ከልጅ ጋር ወደ እንጨት ቤቱ ሄደች።

አናጺው ያልተጠናቀቀ ቁም ሳጥን ፊት ቆሞ በር ይልግ ነበር። ጺሙ አድጓል። ለወንድሟ ምሳ ያመጣችው እትዬ ሳህኖቹን ከጣውላው ላይ ስታነሳ ነው የደረሱት። ሚስቱን ሲያይ መላጊያውን አስቀመጠ።

«ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች ይደገም። «ላርመው መጣሁ።»

«እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም» አለ አናጺው። «ማንበብ ግን እችላለሁ። የአባት ድርሻ አልተገኘም ይላል። ሌላ ትርጉም አለው?»

«አለው። ሰው ሃያ ሦስት ጥንድ ክሮሞዞም አለው። ያ ወረቀት የሚያወራው ስለ አንዱ ጥንድ ብቻ ነው። ስለ ሃያ ሁለቱ ምንም አላለም፤ ምንም ያላለው እኔ ስላልጻፍኩት ነው። ውሸት አልጻፍኩም፣ ግን እውነቱን ጎምጄ ጻፍኩት። ጎምዶ መጻፍ ከውሸት አይሻልም።»

«አሁን ደግሞ ሌላ ወረቀት መጣ?» አለች እትዬ።

«መጣ። ወረቀት የሚያነቡት እርስዎ ነዎት አሉኝ። እንኩ፣ ጮክ ብለው ያንብቡልን።»

እትዬ መነጽሯን አደረገች። ማኅተሙን አየች፣ ፊርማውን አየች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አንደኛ ክሮሞዞም፤ የአባት ድርሻ ተገኝቷል። ሁለተኛ ክሮሞዞም፤ የአባት ድርሻ ተገኝቷል። ሦስተኛ...» እያለች ቀጠለች። ስምንተኛው ላይ ድምፅዋ ቀነሰ። አሥራ አንደኛው ላይ ቆመች።

«ጨርሺው፣ እትዬ» አለ ወንድሟ።

ጨረሰችው። አሥራ አምስተኛው ላይ «አልተገኘም» ብላ አለፈች፤ የቀሩትን አንድ በአንድ «ተገኝቷል» እያለች እስከ መጨረሻው ወረደች። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ጣውላው ላይ አስቀመጠችውና ጠርዙን በጣቷ ታስተካክል ጀመር።

አናጺው ተቀመጠ። ድምቡሼ ከመሬት ረጅም የጣውላ ቅርፊት አንስታ ጣቷ ላይ እየጠመጠመች ነበር። ትንሽ አያትና ወደ ይደገም ዞረ።

«ታዲያ አሥራ አምስተኛው የኔ የት ገባ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው። አንተ ሰጥተሃል፤ አልጎደለብህም። ከእናትየዋ ግን በአጋጣሚ ሁለት መጡ። ሲደመር ሦስት። በሦስት ደግሞ ፅንስ አይቆይም፣ ይጨነግፋል። ድምቡሼ ገና በዓይን የማትታይ ነጥብ ሳለች አንዱን ጣለችና ተረፈች። የጣለችው ያንተ ሆነ። የማን እንደሆነ አይታ መርጣ አይደለም፤ ለመኖር ብላ ነው።»

«ለመኖር ብላ» አለ አናጺው ቀስ ብሎ። ከዚያ ግን ያልገባው ነገር ነበርና አልተወውም። «እሺ፣ የእናቷ ሁለት ካላት ምን ጎደለባት? ጂን ጂን ነው፣ አይደለም?»

«ፊደሉ አንድ ነው። ልዩነቱ ምልክቱ ላይ ነው። በዚህ ቦታ ከእናት የመጣ ቅጂ ታሽጎ ነው የሚመጣው፤ በኔም፣ ባንተም፣ በእሳቸውም ላይ። የሚሠራው የአባት ነው። ድምቡሼ ሁለት የታሸገ ይዛ ቀረች። ለዚህ ነው ስትወለድ አቅም ያጣችው፤ ለዚህ ነው አሁን የማትጠግበው። እናቷ ስላጎረሰቻት አይደለም። ባለጌም ስለሆነች አይደለም። የማንም ጥፋት አይደለም።»

«ለአባት ብቻ የተተወ ሥራ አለ ማለት ነው?»

«አለ። አንድ ቦታ ላይ።»

እናትየዋ እስካሁን በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። «እኔ ያንተንም ደርቤ ልሥራ ብዬ ነበር» አለች፣ «እምቢ አለኝ።»

አናጺው ሳቅ ሊያመልጠው ሲል እንባው ቀደመው። ተነሳና እጁ ላይ ያለውን ሰጋቱራ በሱሪው ጠራረገ።

«ጠይቀኝ ብለሽኝ ነበር። አሁን የምጠይቅሽ ይቅርታ ብቻ ነው።»

«እሱን ቤት ስንደርስ እናየዋለን። መጀመሪያ ልጅህን ተሸከማት፤ በእግሯ ነው ያመጣኋት።»

ተሸከማት። ድምቡሼ ጺሙን ዳሰሰችና «ይዋጋል» አለች።

«እኔስ?» አለች እትዬ ሁሉም ወደ በሩ ሲያመሩ። እናትየዋ ወደ እሷ ዞረች።

«እርስዎ፣ እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሰው ፖስታ አይከፍቱም። ብስኩቱንም አውቃለሁ።»

እትዬ እጇን ወደ ሹራቧ ኪስ ልካ ያለውን ሁሉ አወጣችና ጣውላው ላይ አራገፈችው። አራት ብስኩትና ብዙ ፍርፋሪ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ተአምር አይደለም፤ ሥራ ነው። ሐኪሙ የእድገት ሆርሞን መርፌ አዘዘላት፤ እናቷ በስፌት መርፌ የለመደ እጅ ስላላት በሁለት ቀን ተማረችው። አናጺው ለወጥ ቤቱ መዝጊያ ሠራ፣ ለምግብ ሳጥኑም ቁልፍ ገጠመ። ቁልፉን ለእትዬ ሰጧት። ያቺ በስውር ብስኩት ስታቀብል የነበረች ሴት ዘብ ሆና አረፈችው። የምግብ ሰዓቱን ከነመጠኑ በጽሕፈት መኪና ጽፋ፣ ከሥሩ ፈርማ፣ ግድግዳ ላይ ለጠፈች። እንግዳ ከረሜላ ይዞ ቢመጣ በር ላይ ትፈትሸዋለች። «ልጅ ይራራለታል እንጂ ይበደላል እንዴ!» ብሎ የተቆጣ ጎረቤት ቢኖር «ርኅራኄህን ወደ ኪስህ መልሰው» ትለዋለች።

ረሃቡ አልጠፋም፤ እንደማይጠፋም ተነግሯቸዋል። ድምቡሼ ግን ምግቧ መቼ እንደሚመጣ እርግጠኛ ስትሆን መፈለጓን እየቀነሰች፣ ጨዋታ እያበዛች ሄደች። በዓመቱ በቁመት ዘጠኝ ሴንቲሜትር ጨመረች። ትምህርት ቤት ስትገባ አባቷ ራሱ ሄዶ ለመምህሯ ነገራት፤ ስለ አሥራ አምስተኛው ክሮሞዞም ሲያስረዳ የሰማ፣ ሙያው አናጺነት ነው ብሎ አይገምትም። በስፖርት ሰዓት ስትሮጥ ከኋላ ሁለተኛ ትወጣለች፤ ከኋላ አንደኛ ስላልሆነች ትኮራለች።

ባልና ሚስቱ ይቅርታውን ቤት ሲደርሱ አይተውት ይሁን፣ ወይም ቀስ እያሉ በየዕለቱ እያዩት ይሁን፣ እኔ አላውቅም። አናጺው ግን ማምሸቱን ተወ።

በላቦራቶሪውም አዲስ ደንብ ወጣ፤ ያስጸደቀችው ይደገም ናት። «አልተገኘም» የሚል ሪፖርት የተገኘውንም ሳይጽፍ ከሦስተኛው ፎቅ አይወርድም። አንድ ጀማሪ «ሐኪሙ ያውቀው የለም እንዴ?» ቢላት «ያወቀው ሐኪሙ ነው፤ ያነበበችው ግን አክስት ናት» አለችው። ታሪኩን አልሰማም ነበርና ግራ ገባው።

ድምቡሼ ስምንት ዓመት ሲሆናት ለክትትል ሕፃናት ክፍል መጡ። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ወጣት እናት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። የሕፃኗ ክንድ ከፎጣው ወጥቶ ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። ልብስ ሰፊዋ አየችው፤ ልቧ ወዲያው አወቀው። አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠች።

«ትጠባለች?»

«አትጠባም» አለች ወጣቷ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ሰነፍ ሕፃን ናት፣ ትለምዳለች አሉኝ። የጂን ምርመራም ይሠራላታል ብለውኛል።»

«ሰነፍ ሕፃን የሚባል የለም። ስሚኝ፣ እህቴ፣ ጂኑ መኖሩን ብቻ እንዳያዩልሽ፤ መሥራቱንም ይዩልሽ። ለዚህ ሌላ ምርመራ አለ።» ወደ ድምቡሼ አመለከተች፤ ድምቡሼ የኮሪደሩን ሰሌዳ ጮክ ብላ ታነባለች። «ያቺን ታያለሽ? የኔ ናት። እኛ ለማወቅ አምስት ዓመት ፈጀብን። ተነሺ፣ ዶክተሩ ጋ አብረን እንግባ።»

ወጣቷ ፊቷን ጠርጋ ተነሳች። ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን ተቀበለቻትና ተያይዘው ገቡ። ሐኪሙ ትእዛዙን እዚያው ጻፈ፤ ደሙም ከምሳ በፊት ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወጣ። ሕፃኗ ያኔ የሃያ ሁለት ቀን ልጅ ነበረች።